የሰኞው ሩጫ

እኔና ማቴዎስ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ድንች መላጥ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዋይትሆል ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን። እሱ ሁልጊዜ አወፍሮ ነው የሚልጠው። «ግማሹን እኮ ለቆሻሻ ሰጠኸው» አልኩት። ልጣጩን አንሥቶ በመብራቱ እያየ «ይህቺ ራሷ አንድ ሰው ታጠግባለች» አለ። ውጭ በረዶ ይጥላል። ከላያችን ያሉት ጎረቤቶች ልጆች ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣሉ። የላጥነውን በድስት ውኃ ውስጥ ከትተን ፍሪጅ አስገባነው። የሁለታችንንም ጫማ ጠርጎ በሩ ሥር አሰለፈና እንደ ሁልጊዜው «በቃ፣ ሰንበት ይግባ» አለ።

እሑድ ጠዋት መኪናውን ሊያሞቅ ቀድሞኝ ወረደ። ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ ስወርድ ሞተሩ እየሠራ ነው። የፊት መስታወቱን በረዶ ግማሹን ፍቆ ግማሹን ትቶታል። እሱ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ያንቀላፋ መሰለኝ። አምቡላንስ ዳውንታውን ወዳለው ሆስፒታል ወሰደው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ያለ እሱ ተመለስኩ።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ቀነስ ሲል ልጃችን ሊዲያ ፍሪጁን ልታጸዳልኝ ከፈተችና ድስቱን አገኘችው። ውኃው ደፍርሷል፤ ድንቹም ጠቁሯል።

«ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ኦል ባድ» አለችኝ።

«ተይው፣ አትድፊው።»

«ዋት ፎር?»

ሌላ ክፍል እስክትገባ ጠብቄ ራሴ ደፋሁት። ሊዲያ እዚህ ያደገች ልጅ ናት። ድንቹን ለምን ሁልጊዜ ቅዳሜ እንደምንልጠው ጠይቃን አታውቅም፤ እኛም ነግረናት አናውቅም። አሁን ብቻዬን ስቀር፣ ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ አለመኖሩ አስጨነቀኝ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

ልማዱ የመጣው ከስኮትላንድ ነው። እንዲህ ሲባል ያስቃል፤ ማቴዎስንም ዕድሜ ልኩን ሲያስቀው ኖሯል። ግሮቭ ሲቲ ባለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ይሠራ በነበረበት ጊዜ አለቃው እሑድ ኦቨርታይም እንዲገባ በጠየቀው ቁጥር «አልችልም፤ ሚስቴ ስኮትላንዳዊት ናት» ይለው ነበር። ሰውየው አምኖት ኖሯል። አንድ ቀን ማቴዎስ የረሳውን ምሳ ይዤለት ብሄድ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሩን ከፈተልኝ።

ልጅ ሳለሁ ሆሳዕና አጠገብ ባለ የሚሽን ትምህርት ቤት አዳሪ ነበርኩ። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የሴቶቹ አዳሪ ቤት ኃላፊ ሚስ ፍሎራ የሚባሉ የኤድንብራ ሰው ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ አፍንጫቸው ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ የተላጠ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግን የጠራ። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ በጨው ብቻ ይበላሉ። ቅቤ ጣል ያድርጉበት ስንላቸው «ቅቤ የለመደ ሰው ቅቤ ሲጠፋ ያለቅሳል» ይሉናል።

ሰንበትን የሚያከብሩት እንደ አገራቸው ሰዎች ነበር፤ እኛንም እንደዚያው አስለመዱን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይገባል፤ ጫማ ይጠረጋል፤ የእሑዱ ድንች ይላጣል። እሑድ ቢላ አይነሣም፤ መርፌ አይያዝም፤ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ እንኳ አይጫወቱም። መጀመሪያ ሰሞን ቀኑ አልመሽ ይለኝ ነበር። ቆይቶ ግን ወደድኩት። ሳምንቱን ሙሉ ላይ ታች ስንል የኖርን ልጆች እሑድ ሣር ላይ ተኝተን ደመና እናያለን፤ ማንም «ተነሺ» አይለንም። ቤቴ ብሆን ኖሮ ከብት ነበር የምጠብቀው።

አርብ አርብ ከእራት በኋላ ሚስ ፍሎራ ታሪክ ይነግሩን ነበር። ከሁሉም አብልጠን የምንወደው የአንድ ስኮትላንዳዊ ሯጭ ታሪክ ነው። አሁን ሳሰላው ነገሩ ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል። ፓሪስ ኦሎምፒክ ይደረጋል። ይህ ሰው በመቶ ሜትር ያሸንፍልናል ብሎ አገሩ በሙሉ ይጠብቃል። ማጣሪያው ግን እሑድ ላይ ዋለ። እሑድ አልሮጥም አለ። ትልልቅ ሰዎች ለመኑት፤ ብዙዎችም ተቀየሙት፤ ፈጽሞ አልሮጥም አለ። ከዚያ በሥራ ቀን፣ የእሱ ርቀት ነው ተብሎ ባልተጠበቀው በአራት መቶ ሜትር ሮጠና አንደኛ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ሚስ ፍሎራ ሁልጊዜ ከወንበራቸው ይነሡ ነበር። ሰውየው ሲሮጥ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ነበርና እሳቸውም እንደዚያው እያደረጉ በመመገቢያ ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች መሀል ይሮጡልናል። የፀጉራቸው መያዣ ይወድቃል። እኛ እየጮህን እናጨበጭባለን። ከዚያ ፀጉራቸውን ሰብስበው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው «አሁን ወደ መኝታ» ይላሉ።

እኔ እግረ ፈጣን ልጅ ነበርኩ። ከሁሉም የሚስማማኝ አራት መቶ ሜትር ነበር፤ የሜዳው አንድ ሙሉ ዙር። ግን ሌላ ሩጫ አይቼ ስለማላውቅ፣ ሰው ሲሮጥ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ መጣል ያለበት ይመስለኝ ነበር። ለአውራጃው ውድድር ስንለማመድ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ አየኝና «አንቺ ልጅ! ሰማዩን ልትገጪው ነው?» ብሎ ጮኸ። ተሳቀብኝ። እኔ ግን በልቤ «ፓሪስ ያሸነፈውን አታውቀውም» አልኩት።

ለዚያ ውድድር የጓጓሁት ለሜዳልያው አልነበረም። በገና ሰሞን ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ መጥተው ለጎረቤታችን ልጅ ጠይቀውኛል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚሽኑ ሰው አልነበረም። እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝም እናቴ በሚሽኑ ክሊኒክ ድና ስለነበር በውለታ ነው። ትምህርት ለሴት ልጅ ምን እንደሚያደርግላት ደግሞ እስካሁን ያየው ነገር የለም። ለሽማግሌዎቹ «ከፋሲካ በኋላ እነግራችኋለሁ» አላቸው። ለእኔ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦

«ባዶ እጄን እንቢ ልላቸው አልችልም። የምላቸው ነገር ስጪኝ። በአንድ ነገር ከሰው ልጆች በልጣለች ብዬ ልናገር። አለበለዚያ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ያለኝ አንድ ነገር እግሬ ነበር። ውድድሩ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ነው። አባቴም «መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ብሎ ላከብኝ።

አርብ ዕለት በማጣሪያው አንደኛ ወጣሁ። ፍጻሜው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አባቴ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ቡልኮውን ተከናንቦ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችልኝን ቆጮና ጎመን ይዞ። ሩቅ መንገድ ነው። ቆጮው በጉዞው ቀዝቅዟል፤ ግን የቅጠሉ ሽታ ቤታችንን ይዞልኝ መጣ። ቁጭ ብለን በላን። እግሬን ደጋግሞ ያየው ነበር፤ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያየው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የበልግ ዝናብ ሲጥል እንዴት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል፤ ነፋስ ይነሣል፤ ከዚያ ማን ሜዳ ማን ወንዝ እንደሆነ አይለይም። ሰው ሁሉ ጣሪያ ሥር ገባ። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ሲታይ ሐይቅ ሆኗል። አዘጋጆቹ ተሰበሰቡና የቀሩት ሩጫዎች በሙሉ ነገ እሑድ ይደረጋሉ አሉ። ሰኞ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

በዚያች ቅጽበት ከሌላው ትምህርት ቤት ተማሪዎች መሀል አንድ ረዥም ጎረምሳ ጮክ ብሎ «እሑድ የሚሽን ልጆች አይሮጡም! አንድ ቦታ ተለቀቀ!» ሲል ሰማሁት። ጓደኞቹ ሳቁ። ፊቱን በደንብ አየሁት፤ ልረሳው አልፈለግሁም። ያን ፊት ኋላ ስንት ዓመት እንደማየው ማን ይነግረኛል?

ወደ ሚሽኑ ስንመለስ አባቴ ጠየቀኝ።

«ነገ ትሮጫለሽ አይደል?»

«እሑድ ነው አባባ።»

«እሑድ እግር አይሠራም?»

እሱም ለእንግዶች ወደሚሰጠው ጎጆ ገባና እርጥብ ቡልኮውን እሳት ዳር ዘረጋ።

እኔ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ድንች እየተላጠ ነው። ሚስ ፍሎራ ከልጆቹ ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ወረቀት እያሳሱ ይልጣሉ። ቢላ አነሣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁሉም ልጆች ሰምተዋል። ስለ ሽማግሌዎቹም ሚስ ፍሎራ ያውቁ ነበር።

«ሚስ ፍሎራ፣ ልሩጥ?» አልኳቸው።

«እኔ አልነግርሽም። ሯጩንም ማንም አልነገረውም።»

«ባልሮጥ... ሌላ ሩጫ ይመጣልኛል?»

ቢላቸው ቆመ። «ለእሱ መጥቶለታል» አሉ። ከዚያ መላጣቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ሳስበው ያችን መልስ በጥንቃቄ ነበር የመረጧት። ሊዋሹኝ አልፈለጉም። እኔ ግን በዚያ ዕድሜ የሰማሁት ተስፋ ነበር። መኝታ ቤት ስንገባ የአልጋ ጎረቤቴ ማርታ ጭራሽ እርግጠኛ ሆነች።

«ሰኞ ታያለሽ፤ ሌላ ሩጫ ያመጣልሻል። ሰውየው መቶውን ትቶ አራት መቶ አገኘ። አንቺ አራት መቶውን ስትተዪ ስምንት መቶ ይሰጥሻል።»

«ስምንት መቶማ እሞታለሁ።»

«እግዚአብሔር እያለ?»

እሑድ አልሮጥኩም። ጸሎት ቤት ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሜዳው ከእኛ ሩቅ አልነበረምና ረፋዱ ላይ በመዝሙሩ መሀል ፉጨት ይሰማል፤ ቀጥሎም የሕዝብ ጩኸት። የእኔ ሩጫ የትኛው ጩኸት እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን አቆምኩ። አንዱ ከሁሉ በረታ፤ ያ ነው አልኩ። ከጸሎት ቤቱ ውጭ አባቴ ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ጩኸቱ ይመለከት ነበር። በመስኮት ይታየኛል። ልጁ የማትሮጥበትን ሩጫ ሊያይ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው።

ምሳ ላይ የትናንቱ ድንች ከጎመንና ከሚጥሚጣ ጋር ቀረበ። አባቴ አንዷን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አገላብጦ አያትና «ቀድማ የተላጠችው ይህች ናት?» አለ። «አዎ» አልኩት። በላት። «መልካም ናት» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሊወስደኝ ተነሣ። ልብሴን በሻሽ ቋጥሬ ይዤ ወጣሁ። ሚስ ፍሎራ በሩ ድረስ ሸኙን፤ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ማርታ ከኋላ ሆና «ሜዳው ጋ ስትደርሺ እይ! እይ እሺ!» ትለኛለች። እኔም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እየጠበቅሁ ነበር። የአገራችን መንገድ በሜዳው ጎን ነው የሚያልፈው። ስንደርስ ሰዎች ተሰብስበው፣ አንዱ ስሜን እየጠራ፣ ቀረ የተባለ ሩጫ ተገኝቶ የማይ መስሎኝ ነበር።

ሜዳው ባዶ ነበር። የኖራው መስመር በጭቃው ውስጥ እዚህም እዚያም ብቻ ይታያል። የተጣለ የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ፣ የፈረስ ፋንድያ፣ አንድ የተበጠሰ ጫማ። ከዳር ቅዳሜ የሳቀብኝ ያ ረዥም ጎረምሳ ብቻውን ችካል እየነቀለ የሰው መከላከያ የነበረውን የቃጫ ገመድ ይጠቀልላል። አስተማሪው ለምላሱ ቅጣት ያዘዘው ሥራ መሆኑን ኋላ ነግሮኛል።

ቆምኩ። አባቴም ቆመ።

ጎረምሳው አየኝና «ያቺ እሑድ የማትሮጪዋ አይደለሽ?» አለ።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አልኩት።

«ዛሬማ ከማን ጋር ልትሮጪ? ሁሉም ሄዷል።»

አባቴ ጎረምሳውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ የመጣሁት ስትሮጪ ለማየት ነው» አለ በቋንቋችን። «አላየሁም። አሁን ሩጪ።»

«አባባ፣ ሩጫው እኮ አልቋል።»

«ሜዳው አለ። እግርሽም አለ።»

ጎረምሳው የከተማ ልጅ ቢሆንም ቋንቋችንን ይሰማ ነበር። ሊስቅ ከንፈሩን ሲያሾል አየሁትና የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው። የሚጠቀልለውን ገመድ መሬት ላይ አስቀመጠ። «መጨረሻው እዚህ ነበር» አለ፤ ኖራው በትንሹ ወደቀረበት ቦታ ሄዶ። «እዚህ ጋ ሁለት ሰው ገመድ ይዞ ይቆማል፤ አንደኛ የምትወጣው በደረቷ ትገፋዋለች።»

«ታዲያ ገመድ ይዘሃል አይደለም እንዴ?» አለው አባቴ።

እንዲህ ሆነ። አባቴ ቡልኮውን አጣጥፎ ቋጠሮዬ ላይ አደረገና የገመዱን አንድ ጫፍ ያዘ። ጎረምሳው ሌላውን። እኔ ጫማዬን አውልቄ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ቋጠርኩ። «ጀምሪ» የሚለኝ አልነበረም፤ ዝም ብዬ ተነሣሁ።

ብዙ ጊዜ ሮጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሩጫ ውስጥ ሁልጊዜ የሌላ ሰው እግር ይሰማል፤ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይገፋሃል። ያን ጠዋት የሚሰማኝ የራሴ እግር ጭቃውን ሲመታ ብቻ ነበር። ሣሩ ቀዝቃዛ ነው። ወዲያኛው መታጠፊያ ስደርስ አባቴና ጎረምሳው ርቀው እንደ ሁለት ችካል ሆኑ። ቀስ ብል ማን ያውቅብኛል? አልኩ። ከዚያ እያለቀስኩ መሆኔን አወቅሁ፤ እንባው ወደ ጆሮዬ ይሄድ ነበር። ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ጥዬ ስለነበረ ነዋ። ሰማዩን ብቻ እያየሁ ባለኝ ኃይል ሁሉ ሮጥኩ።

ስለዚህ ገመዱን አላየሁትም። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ ገመድ የያዘው በሬና ላም እንዳያመልጠው ነው፤ የሩጫ ገመድ እንደሚለቀቅ የነገረው የለም። ሁለት እጁን ጠምጥሞበት እግሩን ተክሎ ቆሟል።

«ይልቀቁት አባባ! ይልቀቁት!» ሲል ሰማሁ ጎረምሳው፤ በድንጋጤው በአማርኛ። አባቴ «አይዞህ፣ ይዤዋለሁ!» አለው።

ገመዱ ደረቴን ሲመታኝ ጎረምሳው በፊቱ ጭቃው ውስጥ ተደፋ፤ እኔ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ አባቴ ግን አልተነቃነቀም። ከዚያ አባቴ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ማለት እችላለሁ። ገመዱን እንደያዘ፣ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ጎረምሳው ቀና ሲል ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታያል። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

አባቴ ሳቁን ሲጨርስ ፊቱን ኮስተር አደረገና እንደ ዳኛ ጠየቀው። «አንደኛ ማን ናት?»

ጎረምሳው ጭቃውን ከዓይኑ ጠረገ። ወደ ባዶው ሜዳ ዞሮ በደንብ አየና «እሷ ናት» አለ።

«ሁለተኛዋስ?»

«ሁለተኛዋ ገና አልደረሰችም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ቡልኮውን ለበሰ። ቋጠሮዬን አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝና በእጁ ወደ ሚሽኑ አመለከተኝ። «ተመለሺ» አለ። መንገዱን ብቻውን ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ ሲመጡ የነገራቸውን አጎቴ ኋላ አጫወተኝ፦ «አንደኛ ወጥታለች። ገመዱን የያዝኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሁለተኛዋ ገና አልደረሰችም። እንዲህ ያለችውን ልጅ አሁን አልሰጥም።» በዚህ ቃል ውስጥ ውሸት የለም። ሽማግሌዎቹም ተነሥተው ሄዱ።

ጭቃ ለብሼ ሚሽኑ በር ላይ ስደርስ ሚስ ፍሎራ የሆነውን ሁሉ አስተረኩኝ። ገመዱ ላይ ስደርስ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጡና ከዚያ በፊት ያልነገሩንን ነገሩኝ። ሯጩ ካሸነፈ በኋላ ሩጫውን ትቶ ሊያስተምርና ሊሰብክ ወደ ቻይና ሄዷል። ከኤድንብራ የተነሣ ዕለት ሕዝቡ ወጥቶ ሸኘው፤ ሠረገላውን ፈረስ ሳይሆን ሰው በገመድ እየጎተተ እስከ ባቡር ጣቢያው አደረሰው። አባታቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ከገመዱ ጭራ አንድ ጭብጥ አግኝተው ይዘው ነበር።

«ጎተቱት?» አልኳቸው።

«አይመስለኝም። ትንሽ ነበር። ግን ይዞት ነበር» አሉ።

ሚስ ፍሎራ አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። እኔ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ከዓመታት በኋላ አዋሳ ለኮርስ ስንሰበሰብ አንድ ረዥም ሰው ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ቆመና ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ሁለተኛዋ ደረሰች ወይስ አሁንም እየጠበቅን ነው?» አለኝ። ማቴዎስ ነበር። በዓመቱ ተጋባን። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ድንች ስልጥ አይቶ ሳቀብኝ። ሁለተኛዋ ቅዳሜ ላይ ቢላ አንሥቶ ተቀመጠ።

እዚህ አገር ከመጣን በኋላ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ዳውንታውን ካለው ቤተ መጻሕፍት ስለዚያ ሯጭ መጽሐፍ ፈልጎ አመጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከሳሎን ጮኸ።

«ታዱ! ነይ ጉድሽን ስሚ! አታለውሻል!»

«ማን?»

«ሰውየው እሑድ መሆኑን ከወራት በፊት ያውቅ ነበር! ፕሮግራሙ ቀድሞ ወጥቷል። አራት መቶውን ተለማምዶበት ነው የሄደው። አንቺ ምስኪን በአንድ ምሽት!»

እውነትም እኛ ስንሰማው እንዲህ አልነበረም። በእኛ ጆሮ ሁሉም በአንዲት ጠዋት የሆነ ነበር። ያን ቀን እየተደጋገፍን ሳቅን። ሯጩ በጦርነቱ ጊዜ እዚያው ቻይና ውስጥ በግዞት ካምፕ መሞቱን ያነበበልኝም ማቴዎስ ነው። ያን ካነበበልኝ በኋላ መጽሐፉን ዘጋው።

አሁን ሰዎች «አቶ ማቴዎስ ታመው ነበር እንዴ?» ይሉኛል። አልታመመም። አስቀድሞ የነገረን የለም። ስኮትላንዳዊው ለሌላ ርቀት የሚዘጋጅበት ወራት ነበረው፤ እኔ የነበረኝ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ነው፤ እሱንም ስለ ልጣጭ ውፍረት ስንከራከር አሳለፍነው። አይቆጨኝም። ሌላ ምን ልናደርግበት ኖሯል?

ቤቱ ጸጥ ይላል። ሊዲያ ማታ ማታ ኮል ታደርግልኛለች፤ «ማሚ፣ ዲድ ዩ ኢት?» ትለኛለች፤ «በልቻለሁ» እላታለሁ። ከላይ ልጆቹ ይሯሯጣሉ። አንዳንዴ የዚያን ጠዋት ሜዳ እዚህ ሳሎን ውስጥ አገኘዋለሁ፤ የራሴ እግር ብቻ የሚሰማበትን። ማቴዎስ አንደኛ ገብቷል። ሁለተኛዋ ገና አልደረሰችም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድንች እልጣለሁ፤ ቁጥሩን አሳንሼ። ሰኞ ጠዋት፣ በረዶ ካልጣለ፣ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ወዳለው የሃይስኩል ሜዳ እወርድና አንድ ዙር እሄዳለሁ።